ወገብ ላይ የቆመው ጎርፍ

ይህ ሰውዬ ሰውን በመናቅ አቻ አልነበረውም። ሥራው ቀለም ቀቢነት ነው፤ ግን ከብሩሹ ይልቅ ምላሱ ትበረታለች። ግንበኛውን «ጭቃ አቡኪ» ይለዋል፤ አናጢውን «ምስማር አጥማሚ»፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ እስካሁን እንዴት በሕይወት እንደቆየ ነው የሚገርመው። አንድ ቤት ሊቀባ ሲገባ የቀለሙን ጣሳ ከመክፈቱ በፊት የቀደመውን ቀቢ ይሰድባል። «ማነው ይሄን የለቀለቀው? በመጥረጊያ ነው እንዴ?» ይላል፣ ግድግዳውን በጥፍሩ እየፋቀ። አንዳንዴ ያ የሰደበው ግድግዳ ከዓመታት በፊት ራሱ የቀባው ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜም ቢሆን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ባለሱቁ ነው ውሃ የተቀየጠበት ቀለም የሸጠልኝ» ይልና ጥፋቱን ሱቅ ድረስ ይልከዋል። ማፈር የሚባል ነገር አብሮት አልተፈጠረም።

ሰፈርተኛው «እስከወገብ» ይለዋል። በክፋት ያወጡለት ስም ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከብዙ ዓመታት በፊት ወንዙ ሞልቶ ታች ሰፈርን የጠራረገው ጊዜ፣ ይህ ሰው ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ውሃው መሀል ቆሞ ነበር ይባላል። «ይባላል» ያልኩት የሚለው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መዳፉን ቀበቶው ላይ አሳርፎ «ውሃው እስከዚህ! እስከ ወገቤ!» ይላል። «ልጄን ትከሻዬ ላይ፣ ሚስቴን በእጄ። ሚስቴማ ጩኸቷ! ‹ዝም በይ አንቺ ሴት፣ ውሃ እንጂ አውሬ አይደለም› አልኳት።» ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እሱ ሲያወራ ዓይኗን ከመርፌዋ አታነሳም። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ክሯን ትበጥሳለች፣ ሌላ ታስገባለች።

ከዚያ ጎርፍ በኋላ የታች ሰፈር ግድግዳ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ቀረ። ነባሩ ነዋሪ አብዛኛው ዕቃውን ለቃቅሞ ነቅሎ ሄደ፤ አከራዮቹ ደግሞ ቤቱ ሳይደርቅ አዲስ ተከራይ ማስገባት አማራቸው። ያን ጊዜ ነው እስከወገብ ሥራ የሞቀለት። የግድግዳውን ላይኛውን ክፍል ነጣ ባለ ቀለም ይቀባና ግርጌውን እርጥበትና ጭቃ በማያሳይ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ይሸፍነዋል። «ጥቁሩ እስከየት ይሁን?» ሲሉት መዳፉ ቀበቶው ላይ ትሄዳለች። «ውሃው እስከደረሰበት ነዋ! እዚህ ጋ!» አከራዮቹ ደስ አላቸው። ለተከራይ ያለ የሌለውን ከማስረዳት «ያቺን ጥቁር ቀለም ታያለህ? ጎርፍ ጎርፍ የሚሉት በቃ እሷው ናት» ማለት ይሻላላ። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን መስመሯ እዚያ ላይ የቆመችው ሳያጎነብስም ሳይንጠራራም እጁ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እዚያ ቁመት ላይ ስለሆነ ነው። የውሃው ታሪክ የሰውዬው ስንፍና ነው።

ቆይቶ ነገሩ ፋሽን ሆነ። ላይ ሰፈር፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ውሃ በቧንቧ እንኳ በስንት መከራ በሚወጣበት ቦታ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ «ለእኛም እንደዚያ አድርግልን» አሉት። አደረገላቸው፤ እዚያችው ወገቡ ላይ። ደሞም ሲቀባ ያችኑ ወሬ ይደግምላቸዋል፤ እነሱም ቀለሙ እስኪያልቅ ይሰማሉ፣ ምን ያድርጉ፣ ቤታቸው ውስጥ ነው ያለው።

እንግዲህ የወረዳው መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ተነሣና የጎርፍ ስጋትና የአደጋ ታሪክ ጥናት ይካሄድ አለ። ታሪኩ ድሮ ተጽፎ ነበር አሉ። ሰነዶቹ ግን ምድር ቤት ተደርድረው ስለነበር የጎርፉን ታሪክ በሌላ ክረምት የገባ ጎርፍ በላው። የአደጋ መከላከያ ክፍሉን ምድር ቤት ማስቀመጣቸው ምኑ ይገርማል፣ ላይኛው ፎቅ የኃላፊው ነዋ! እናም አንዲት ባለሙያ ቆብ አድርጋ፣ ሜትሯን ይዛ ሰፈር ለሰፈር ትዞር ጀመር። ከጠየቀቻቸው ሰዎች እውነቱን የነገራት የለም። አከራዮች ተከራይ እንዳይሸሽባቸው «ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው» አሏት። ተከራዮች ትናንት የመጡ ስለሆኑ ምንም አያውቁም። ላይ ሰፈር ያሉት እርዳታ የሚታደል መስሏቸው «አረ ሊውጠን ነበር!» ብለው አለቀሱላት። ግራ ገብቷት ስትንከራተት ዓይኗ ጥቁሩ ቀለም ላይ አረፈ። በየቤቱ አለ፣ ቁመቱም አንድ ነው። እፎይ አለችና ሜትሯን ዘረጋች።

ቀቢው ማነው ብላ አፈላልጋ አገኘችው። መሰላል ላይ ነበር፤ አልወረደላትም።

«አባት፣ ይሄ ጥቁር ቀለም ውሃው በደረሰበት ልክ ነው የተቀባው ይላሉ። እውነት ነው?»

«ማነው የሚለው?»

«ሰፈሩ ሁሉ።»

«ሰፈሩ ምን ያውቃል! እኔን ጠይቂ።» አሁን ወረደ። «አንቺ ልጅ፣ ያኔ አልተወለድሽም ይሆናል። እኔ ውሃው መሀል ቆሜ ነበር። ይኸው፣ እዚህ!» መዳፉ ቀበቶው ላይ ደርሳለች።

«በየቤቱ ለክተው ነው የቀቡት?»

«መለካት የእናንተ ነው። እኔ ዓይኔ ሜትሬ ነው።»

«ቃልዎን በፊርማ ያረጋግጡልኛል?»

ለፊርማማ ማን ይቅደመው! ከነጭረቱ ገጹን ሞልቶ አሳረፈላት። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራም፤ መሥሪያ ቤቱ እሱ ዘንድ ድረስ እንደመጣ ለባለሱቁ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለጫማ ጠጋኙ ሲያወራ ዋለ። ጫማ ጠጋኙ «እንግዲህ ታሪክ ሆንክ በለኛ» አለው። እስከወገብ መቀለዱን አላወቀም። «ታሪክማ ድሮም ነበርኩ፣ አሁን ገና ነው የነቁት» ብሎት ሄደ።

ካርታው ሲወጣ ወረዳው ከወንዙ ዳር እስከ ዳገቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነ። ጎርፉ በየትም ቦታ እኩል ነው፤ እስከ ወገብ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንዱ «ውሃው ዳገቱን እንዴት ወጣው?» ብሎ ጠይቆ ነበር ይባላል። ኃላፊው «በግፊት ነው» አለው። ጠያቂውም አዋቂ መስሎ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሻዩ ተመለሰ። እስከወገብ ካርታውን ሊያይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ድረስ ሄደ። ቆሞ ቆሞ «ሰማያዊውን አላወቁበትም» አለ። «ትንሽ ነጭ ጣል ቢያደርጉበት ምን ነበረበት።»

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ያቺ ትንሽ ልጅ ዛሬ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። የእናቷን የስፌት መኪና ወርሳ ልብስ ትሰፋለች፣ ባሏ ሩቅ ሥራ ላይ ነው። የምትኖረው ያው ታች ሰፈር፣ ያ ጎርፍ የገባበት ቤት ውስጥ ነው። አባትየውማ ሚስቱ ስትሞት «እርጥበቱ አላስተኛኝ አለ» ብሎ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ክፍል ተከራይቶ ወጥቷል። እርጥበት ለእሱ እንጂ ለልጅ ልጆቹ አይከፋም መሰለው። ወንዙ ባለፈው ክረምት አጥሯን ቆርሶ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ልጆቿን የምታስተኛቸው ጫማ አድርጋ ነው።

ካርታው የወጣ ሰሞን ክፍሉ ድረስ መጣች። ብሩሾቹን እያጠበ ነበር።

«አባዬ፣ መሬቱ ቀረ» አለችው፣ ገና በሩ ላይ ሆና።

«የምን መሬት?»

«ከላይ ሰፈር ማዶ የተዘጋጀው። ውሃው ከሰው ቁመት በላይ የደረሰበት ቤት ይነሣል፣ ምትክ ቦታ ያገኛል ተብሎ አልነበር? እኛ ጋ እስከ ወገብ ነው ተባለ። ማንም አይነሣም። በራችሁ ላይ ደፍ ሥሩ አሉን።»

«ደፍማ ጥሩ ነው። እኔው እቀባልሻለሁ።»

«አባዬ፣ አንተ ነህ እኮ የፈረምክላቸው።»

«ታዲያስ? ያየሁትን ነው የፈረምኩት!»

ልጅቷ በሩን ተደገፈች። እሱ ብሩሹን ሁለቴ አጥቦ ሦስተኛ እስኪደግም አየችው። «ነገ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ» አለች በመጨረሻ። «ጥናቱ ከመጽደቁ በፊት ተቃውሞ ያለው ይናገር ተብሏል። ከጸደቀ በኋላ ግን አለቀ፣ ቀጣዩን ክረምት እዚያው ነን። ነግሬሃለሁ።» ብላ ወጣች።

ያቺ «ነግሬሃለሁ» ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ለካ ታውቃለች! ልጅ ነች ትረሳለች ብሎ ነበር ያን ሁሉ ዓመት እሷው ፊት ሲለፈልፍ የኖረው። የሚሰድበው ሰው ፈለገ፤ ባለሙያዋን ሰደበ፣ ኃላፊውን ሰደበ፣ የሚታጠበውን ብሩሽ ሳይቀር ሰደበ። አልቀለለውም።

የሆነውን እኔ ልንገራችሁ፣ እሱ ስለማይነግራችሁ። ውሃው ደጃፋቸውን ሲያልፍ ሚስቱን «ላይ ወጥቼ ሰው ልጥራ፣ መጣሁ» አላትና እግሬ አውጪኝ አለ። ማንንም አልጠራም። ዳገቱ ላይ አንድ ደንበኛው ቤት ገብቶ፣ ደረቅ ሱሪ ተውሶ፣ ሻይ ጠጣ። አዎ፣ ሻይ! መስኮት ዳር ቁጭ ብሎ! ውሃው ሲጎድል ወረደ። ጎረቤቶች ጭቃው ላይ ቆመው «የት ነበርክ አንተ ሰው?» ሲሉት ያቺ ምላሱ ተሳሰረች። ሚስቱ ገና ከጣሪያ መውረዷ ነው፣ ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፣ እጇ ይደማል። ቀና ብላ አየችውና «ከእኛ ጋር ነበር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቀሪውን የጨመረው እሱ ነው። በሳምንቱ ልጅቷ ትከሻው ላይ ወጣች፣ በወሩ ሚስቱ ጯሂ ሆነች። ከውርደት ያዳነችውን ሴት ፈሪ አድርጎ ሲያወራባት ኖረ። ከዚህ በላይ ባለጌ ካለ አሳዩኝ።

በማግስቱ ወደ ስብሰባው ሲሄድ ሊናገር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የሄደው ዝም ሊል ነው። ብቀር ትታዘበኛለች፣ ሄጄ ዝም ብል ግን ቢያንስ ተገኝቻለሁ የሚል ስሌት ይዞ ነው። አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል፣ ማይክሮፎኑ ይጮኻል፣ ከፊት አከራዮቹ ተደርድረዋል። ታች ሰፈር አንድ መንገድ ሙሉ ክፍል የሚያከራየው ወፍራሙ ሰውዬ ተነሥቶ «እኔማ እስከ ወገብ መባሉም በዝቷል ባይ ነኝ» አለ፤ ተጨበጨበለት። ልጅቷ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ትንሿ ልጇ ጫማዋን እንዳደረገች ጭኗ ላይ ተኝታለች።

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ተቀበለና «አንድ ምስጋና ይቀረናል» አለ። «ይህ ጥናት ያለ ዓይን እማኝ ባዶ በሆነ ነበር። ያን ቀን ቤተሰቡን ይዞ ውሃው መሀል የቆመ ጀግና እዚህ መሀላችን አለ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ነገር ይኸው መጣለት፣ ያውም በማይክሮፎን። ተነሣ። እጁ ወደ ቀበቶው መንገዱን ለምዳዋለች፣ ሄደች። በዚህ መሀል ዓይኑ ልጁ ላይ ወደቀ። አላጨበጨበችም፣ አልተቆጣችም። አንገቷን ደፍታ የልጇን ፀጉር ታስተካክላለች፣ ልክ እንደ እናቷ። ዝም ልትለው ነው። ወንዙ ቤቷ እንደሚገባ እያወቀች፣ ዛሬም ዝም ልትለው ነው። እጁን ከቀበቶው ላይ አነሣት።

«ውሸት ነው» አለ።

«ምን አሉ አባት?»

«ውሸት ነው! አልነበርኩም። ውሃው የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ ላይ ነበርኩ፣ ሰው ቤት። ቀለሙንም እጄን በተመቸኝ ልክ ነው የቀባሁት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወፍራሙ አከራይ ጭኑን እየመታ «አያችሁ የአባት አንጀት! ለልጁ መሬት ለማሰጠት ብሎ ጀግንነቱን ሲክድ!» አለ። አንዱ ደግሞ «እንዲህ ትሑት መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ። ሰብሳቢው ጣቱን አነሣ፦ «አባት፣ የልጅ ነገር ይገባናል። ግን በመንግሥት ሥራ አይቀለድም፣ ፈርመዋል።» ባለሙያዋ ፊቷ አመድ መስሎ ወረቀቷን ታገላብጣለች። «አረ አልነበርኩም!» ይላል እሱ። «አረ ነበሩ!» ይሉታል እነሱ። ስንት ዓመት የዋሸው ሁሉ እየታመነለት ኖሮ አንዲት እውነት ቢናገር የሚቀበለው ጠፋ። ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ሲዋረድ ባየሁ እል ነበር፤ ሲደርስ ግን እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም።

«ንገሪያቸው» አለ ወደ ኋላ ዞሮ። «አንቺ ንገሪያቸው፣ ልጄ። ነበርኩ?»

ልጅቷ ትንሿን አቅፋ ተነሣች።

«አልነበረም» አለች።

ሳቁ ቆመ። «እማዬ ናት ያወጣችኝ» አለች። «መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከዚያ ኮርኒሱን ቀድዳ። ቆርቆሮውን በምን እንደገነጠለችው አላውቅም፣ እጇ ሲደማ ግን ትዝ ይለኛል። ጣሪያው ላይ ቆማ ተሸከመችኝ። ውሃው ጉልበቷ ጋ ነበር። ጣሪያው ላይ ቆማ ነው የምላችሁ፤ ጉልበቷ ጋ። እማዬ ደግሞ አልጮኸችም። እንዳልፈራ ትዘፍንልኝ ነበር።»

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ጣሪያው ያው የድሮው ነው?»

«ያው ነው። የተገነጠለው ቦታ በሌላ ቆርቆሮ ተሸፍኗል። መጥታችሁ እዩት።»

ይህን ጊዜ ከመሀል ረድፍ አንዲት ተከራይ ብድግ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ቁርጭምጭሚት ነው አላልከኝም?» አለችው ወፍራሙን አከራይ። ሌላውም ተነሣ፣ ሌላዋም። «እስከ ጣሪያ?! ልጆቻችንን እዚያ እያስተኛን?!» ጉድ ፈላ። አከራዩ «እኔ ቀለሙን አይቼ ነው እንጂ...» እያለ ወንበሩን ይዞ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሰብሳቢው ከኃላፊው ጋር ተንሾካሾከና ጥናቱ አይጸድቅም፣ ታች ሰፈር ከዚያችው ጣሪያ ጀምሮ እንደገና ይለካል፣ እንደተባለው ከሆነም ሰዉ ከክረምቱ በፊት ይነሣል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ለጀግናው የተዘጋጀች የምስክር ወረቀት ነበረች፤ አንዱ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሣት።

ልጅቷ ቀድማ ወጣች። እሱ ከኋላ ከኋላ ተከተላት። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት እንጂ ቃል የተነፈሰ የለም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፣ ለስድብ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«ልያዝልሽ» አላት፣ ትንሿን።

«ተወው፣ ትነቃለች።»

ትንሽ ሄዱ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ታውቂ ከነበር ለምንድነው እስከዛሬ ያልተናገርሽው? ስንቴ አፌን ልታስይዢኝ ትችዪ ነበር።»

«አንዴ ልናገር ነበር» አለች። «ሕፃን ሆኜ። ሰው ሰብስበህ ስታወራ፣ ‹አባዬ እኮ አልነበረም› ልል ስል እማዬ አፌን በእጇ ያዘችኝ። ጓዳ ወሰደችኝና ‹ተዪለት› አለችኝ።»

«ለምን?»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ጠየቅኳት» አለች ልጅቷ። «‹ተዪለት ልጄ፣ ሌላ ምን አለው?› አለችኝ።»